አባባ ከስክሪኑ የጠፉበት ጠዋት

ውድ ወንድምዓለም፣

«እሑድ አባባን ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ መሪም ልጅ ነው፤ ሥራና ኑሮን ማመጣጠን ከእኔ ይጀምር» ብለህ ለሠራተኛው ሁሉ የበተንከው መልእክት ደረሰኝ። ሰው በልብ ምልክት አጥለቅልቆሃል። እኔ ሳቄ መጣ። ይህን ደብዳቤ ግን ለአንተ ብቻ ነው የምጽፈው።

ድርጅትህን ስታቋቁም አባባ ከልብስ ስፌቱ ጡረታ ወጥተው እኔ ጋ ገብተው ነበር። እኔንም ቀጠርከኝ። ሕግህ ግማሹን ሳምንት ቢሮ፣ ግማሹን ከቤት መሥራት ነው፤ ከቤት በምንሠራበት ቀን ጠዋት በካሜራ መገናኘት ግዴታ። አባባ ይህን ካወቁ ወዲህ በእነዚያ ቀናት ማልደው ይነሣሉ። ጢማቸውን ይላጫሉ፣ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ ከኋላዬ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ልጃቸውን የሚያዩት እዚያ ብቻ ነበራ! አንተ ስለ ዕቅድ ስታወራ እሳቸው በጆሮዬ፣ «ከሳ፤ ምን እያበሉት ነው?» ይሉኛል።

ለድርጅትህ ገንዘብ የሚያወጡት ባለሀብቶች የገቡበት ስብሰባ ላይ ግን አላስቻላቸውም። በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ኮሌታህ ተጣሟል፤ አስተካክለው!» አሉህ። ሁሉም ሳቀ። አንተም ሳቅህና ኮሌታህን አስተካከልክ። አባባ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ። «ሰማኝ እኮ!» እያሉ።

ማታውን ደወልክ። «እባክሽ ሽማግሌውን ከካሜራ አንሺልኝ፤ በሰው ፊት መሳቂያ አደረጋችሁኝ።» እምቢ ስልህ፣ ከቤት የሚሠራ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ከጀርባው የሚታየውን በጭጋግ እንዲሸፍን ደንብ አወጣህ። «ለሠራተኛው የቤት ገመና ክብር ሲባል» አልከው። አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ!

በቀጣዩ ስብሰባ አባባ እንደ ልማዳቸው ለብሰው ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ እኔ አለሁ፤ እሳቸው የሉም። እጃቸውን አወዛወዙ። ተነሥተው ቆሙ።

«እኔ የት ሄድኩ?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? «ኢንተርኔቱ ነው» አልኩ። ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ ማለዳ መነሣቱንም መላጨቱንም ተዉት፤ እያደር ሰው መለየትም አቃታቸው። ሐኪሙ በሽታው ቀድሞም ነበር ይላል። ይበል። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።

አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጠላሁህ፤ ይህን በአፌ ልነግርህ ስለማልችል ነው የጻፍኩት። በሬን ግን አልዘጋብህም። አባባ እንደማን አድርገው እንደሚቀበሉህ ብቻ አስቀድመህ እወቅ። ትናንት እግራቸውን ሳጥባቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ «እኔ ስንት ልጅ ነው ያለኝ?» አሉኝ።

«አንድ። እኔ ብቻ» አልኳቸው።

«ተመስገን!» አሉ። «የረሳሁት ልጅ ያለ መስሎኝ ስጨነቅ ነበር።»

ከዚያ እፎይ ብለው ለጥ አሉ። እሑድ ናና ዋሽታለች በላቸው።

እኅትህ