የኬንሲንግተን የሚስኮል ዕድር ለተደረገለት ጥበቃ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የመገናኛ ውድድርና ፈጠራ ኮሚሽነር
ሜልበርን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ክቡር ቤተሰብዎንም፣ ማንም ሳያግደው የሚጠራውን ስልክዎንም በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ጉልበትዎ ይጽና፣ ወገብዎን አይመምዎ፣ የመታጠቢያ ቤትዎ ወለልም አያንሸራትትዎ። የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩት ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይደርሱበታል።

በአማርኛ ለመጻፍ የደፈርኩት ፈቃዱን ያገኘሁት ከእርስዎው ስለሆነ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ፉትስክሬይ ገበያ በር ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ማንኛውም ነዋሪ በገዛ ቋንቋው ቅሬታውን እንዲያቀርብ ይጋብዛል። የማስታወቂያው አማርኛ ተገልብጦ ስለታተመ አንገታችንን አጣመን ነው ያነበብነው፤ ቢሆንም ግብዣ ግብዣ ነው፣ እነሆ መጥተናል።

ስሜ ኃይለአብ አስማማው ይባላል። ኬንሲንግተን ውስጥ በአንድ ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ ብሬብሩክ በሚገኝ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። በአገሬ ሳለሁ የቴሌ መሐንዲስ ነበርኩ፤ ኮርያ፣ ዴጆን ከተማ ሁለት ዓመት ተኩል ተቀምጬም የመገናኛ ፖሊሲ ተምሬአለሁ። ይህን የምጽፈው ሥራ ይሰጡኛል ብዬ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከሰባት ባልደረቦችዎ ጋር ለዘጠኝ ቀናት ኮርያን ጎብኝተው፣ ከኮርያ ምን እንማር የሚል መቶ ስልሳ ገጽ ሪፖርት ይዘው ስለተመለሱ፣ አገሩን የሚያውቅ አንባቢ ማግኘት ያስደስትዎታል ብዬ ነው። ሪፖርቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። በዚህ ከተማ ይህን ያደረግነው እኔና የተየበው ሰው ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት እኛ ማን እንደሆንን ላስረዳ። በሕንፃችን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አሥራ አንድ አዛውንቶች አሉ። ዕድር በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚቀብርና ቤተሰቡን የሚያጽናና ማኅበር ነው። ከአራት ዓመት በፊት በዘጠነኛው ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዓለምጸሐይ በስብሰባ መካከል ተነሥተው፣ «ስንሞት የሚሰበሰብልንስ አለን፤ ሳንሞት የሚሰበሰብልን ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። በዚያው ዕለት «አለሁ» የሚባል ዕድር ተቋቋመ።

የዕድሩ ደንብ አንዲት አንቀጽ ናት። በየማለዳው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ በእርስዎ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ አንደኛው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ሚስኮል ያደርጋል፤ አንድ ጊዜ ያስጠራና ይዘጋል። ትርጉሙ አለሁ፣ አድሬአለሁ ማለት ነው። የመጨረሻው ሚስኮል ለእኔ ለጸሐፊው ይደርሳል። ሚስኮል የቀረበት ሰው መለዋወጫ ቁልፉን ይዞ ወደ ቀዳሚው ቤት ይሄዳል። ስልክ ማንሣት ክልክል ነው፤ ከተነሣማ እንዴት አደርክ፣ ጉልበትህስ፣ ልጆቹ ደወሉ ወይ ሲባል ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ የአሥራ አንደኛውም ሰው በሕይወት መኖር የሚታወቀው ለምሳ ይሆናል። ይህ ያለ በጀት፣ ያለ ጥናት፣ ያለ ልዑካን ጉዞ የተሠራ ሥርዓት በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ሰዎችን ከሞት አፍ አውጥቶልናል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ፤ ስለ ውድድር። በሪፖርትዎ ምክር መሠረት የስልክ ኩባንያዎች በየሩብ ዓመቱ ባገዱት አጠራጣሪ ጥሪ ብዛት ደረጃ እንዲወጣላቸው፣ አንደኛ የወጣውም የወርቅ ኮከብ እንዲሸለም አድርገዋል። አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚዘጋ ስልክ የታወቀ የአጭበርባሪዎች ዘዴ መሆኑን አልክድም፤ መልሶ የደወለ ሰው ሳያውቀው በውድ መስመር ይዘረፋል። ነገር ግን ኮከብ የተጠማ ኩባንያ አጭበርባሪን እስኪያገኝ አይጠብቅም። ጠበቆቹን ፈርቼ ስሙን የማልጠራው ኩባንያችን በአንድ ማክሰኞ ጠዋት የአሥራ አንዱንም አዛውንት መስመር አግዶ፣ ለደኅንነታችን ሲል መሆኑን በእንግሊዝኛ መልእክት አስታወቀን። በዚያው ሩብ ዓመት የወርቅ ኮከቡን ወሰደ። በየቀኑ አሥራ አንድ የወንጀል ሙከራ ያስመዘገብንለት እኛ ስለሆንን፣ ከኮከቡ አንዷ ጫፍ የኬንሲንግተን ናት፤ ሲመችዎ ቆርጠው ይላኩልን።

የሪፖርትዎ አርባ አንደኛ ገጽ ውድድር ባለበት ደንበኛ ምርጫ አለው ይላል። አምነንዎት ከአዛውንቶቹ ሁለቱን ቁጥራቸውን እንደያዙ ወደ ሌላ ኩባንያ አዛወርናቸው። ቁጥሩ በአንድ ቀን ተሻገረ፤ ጥርጣሬውም አብሮት ተሻገረ። ቁጥርን ይዞ ኩባንያ መቀየር በኮርያ ሲሠራ ያየሁት፣ ትንሹ ኩባንያ ከትልቁ ደንበኛ እንዲነጥቅ ታስቦ ነበር። ስም ማጥፋትም አብሮ እንዲነጠቅ ያሰበ ኮርያዊ አላጋጠመኝም።

በነገራችን ላይ ኮርያ ገነት ናት እያልኩ አይደለም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሦስቱ ኩባንያዎች በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲወራረፉ ይውሉና የዋጋ ዝርዝራቸውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት እንደ መንታ ልጅ ይመሳሰል ነበር። ሁሉም ሰው ስልክ በእኩል ርካሽ ይግዛ ተብሎ የወጣው የድጎማ ሕግም ሁሉም በእኩል ውድ እንዲገዛ አድርጓል እየተባለ ሲታማ ኖሮ ከአሥር ዓመት በኋላ ተሽሯል። ይሁን እንጂ እነሱ የተሳሳተ ሕግ ሲያወጡ ስሕተቱን የሚያሰሉት በገንዘብ ነበር።

፪ኛ፤ ስለ ፈጠራ። በሪፖርትዎ አባሪ ላይ እንደተገለጸው፣ ኩባንያዎቹ አጠራጣሪ ጥሪን የሚለዩበት ማሽን የተሠራው እኔ በተማርኩባት በዴጆን ነው። የዚህን ማሽን እኅት ማሽን እዚያው አይቻታለሁ። እዚያ እኖርበት የነበረው ቤት ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ስልካቸው ሁለት ቀን ዝም ያለ እንደሆነ ማሽኑ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ያሳውቅና ሠራተኛ መጥቶ በራቸውን ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ስልካቸውን ረስተውት፣ ሲመለሱ ሦስት ሰዎች በራቸው ላይ ቆመው አግኝተው አፍረው ነበር። እዚያ ዝም ያለውን ስልክ ፈልጎ ሰው የሚልክ ማሽን፣ እርስዎ በአውሮፕላን ጭነው ሜልበርን ሲያደርሱት የሚናገረውን ስልክ ፈልጎ ዝም ማሰኘት ለመደ። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሩቅ አገር ሄደው የፈለጉት ነገር ከቢሮዎ በባቡር ጥቂት ጣቢያ ርቆ፣ ኬንሲንግተን ውስጥ በነጻ ይሠራ ነበር።

፫ኛ፤ ስለ ደኅንነታችን። በታገድንበት ማክሰኞ ጠዋት ሚስኮል የደረሰው አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ሁሉም ቁልፉን ይዞ ወደ ቀዳሚው ቤት ወጣ። ሁሉም ስለወጣ የተንኳኳው በር ሁሉ ባዶ ሆነ። አንዱ የሌላውን ቤት ከፍቶ አልጋው ላይ ሰው ሲያጣ ጩኸቱ በየፎቁ ተሰማ። በመጨረሻ በጋቢና በነጠላ ተጠቅልለው ደረጃው ላይ ሲገናኙ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አለቀሰ። እኔ ከሳቁት መካከል ነበርኩ፤ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ኩባንያው ስንደውልለት መስመሩ እንዲከፈት በትሕትና ሦስት አማራጮች አቀረበልን። ጥሪውን ከሠላሳ ሰከንድ በላይ ማስረዘም፣ ይኸውም ስለ ሰላምታችን ምንም አለማወቅ ነው። የጽሑፍ መልእክት መላክ፣ ይኸውም ስለ ዓይናችን። ወይም በስማርት ስልክ አፕ ዳውንሎድ አድርጎ ደኅና ነኝ የሚለውን መጫን፣ ይኸውም የአብዛኞቹ ስልክ ባለ ቁልፍ መሆኑን አለማየት ነው። በስልኩ በኩል ተስፋ ስንቆርጥ በየተራ በር ማንኳኳት ጀመርን።

ጋሼ ወንድማገኘሁ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ስድስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ሚስኮላቸው የሚደርሳቸው አምስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ፈጡማ ነበሩ። ባለፈው ወር በሚካኤል ዕለት የማንኳኳት ተራው የእትዬ ፈጡማ ነበር። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር በደረጃ ወጥተው አንኳኩ፤ መልስ የለም። እትዬ ፈጡማ ሙስሊም ቢሆኑም የጎረቤታቸውን በዓላት ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ ጋሼ ሚካኤልን አስቀርተው አያውቁም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል ብለው ደስ ብሏቸው ወረዱ። ድሮ ቢሆን አይሳሳቱም ነበር፤ ጋሼ ለሚካኤል ሲሄዱ ሚስኮላቸውን ከአውቶቡስ ውስጥም ቢሆን ያደርጋሉና፣ ሚስኮሉ መቅረቱ ብቻ ቁልፍ ያስነሣቸው ነበር። አሁን ግን ዝምታውን ለምደነዋል። ጋሼ ገና ሳይነጋ መታጠቢያ ቤት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር፤ ስልካቸው ወጥ ቤት ነበር። እትዬ ፈጡማ ሲያንኳኩ ሰምተዋቸዋል። ድምፄ አልወጣ አለ እንጂ እሰማት ነበር ብለውናል።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እትዬ ፈጡማ ከሚካኤል ተመልሰዋል ብለው ሾርባ ይዘው ሲወጡ፣ ጠዋት ሳያስተውሉት የቀሩትን ሬዲዮ ከውስጥ ሰሙና በቁልፋቸው ከፈቱ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ስላለቀብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ሽማግሌ በቀዝቃዛ ወለል ላይ ከማለዳ እስከ አሥር ሰዓት ተኝተዋል። ይህን ያደረገው አጭበርባሪ አይደለም። ከአጭበርባሪ የጠበቀን ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር፤ ባልዬው ራሱ በሩን በውጭ በኩል ሲቆልፍ ግን አሁን ገና አየሁ።

ጋሼ ዛሬ ማገገሚያ ተቋም ውስጥ ናቸው። በየማለዳው ነርሷን ስልካቸውን እንድታቀብላቸው ይጠይቁና ለእትዬ ፈጡማ አንድ ጊዜ ይደውላሉ። ጥሪው እንደማይሄድ ያውቃሉ። ለምን ይደክማሉ ስላቸው፣ «ባይደርሳትም እኔ አለሁ ማለቴን አልተው» አሉኝ። እትዬ ፈጡማ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ በደረጃው ሲወጡ አላይም፤ በሩን ትቼው የወረድኩት እኔ ነኝ እያሉ ራሳቸውን ይከሳሉ። ለዚህ ክስ ትክክለኛውን ተከሳሽ ላገኝላቸው ስል ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

፬ኛ፤ ስለ መልስዎ። ከዚህ ደብዳቤ በፊት አቤቱታችንን ለጽሕፈት ቤትዎ ላክን፤ መልስ በአርባ የሥራ ቀን ውስጥ እንደሚሰጠን በደቂቃ ውስጥ ተነገረን። ፍጥነቱ አስደንቆናል።

የምንለምንዎት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ኮሚሽን አያስፈልገውም፣ ጉዞም አያስፈልገውም። አሥራ አንዱን መስመር ይክፈቱልን። ለኩባንያዎቹ የወርቅ ኮከቡ ይጨመርላቸው፣ ሪፖርቱም ይታተም፣ ለሁለተኛ ጊዜም ኮርያ ይሂዱ። ሲሄዱ ግን ዴጆን ላይ ወርደው፣ ሁለት ቀን ስልካቸው ዝም ያለ አሮጊት በር ላይ ማን እንደሚቆም ይጠይቁልኝ።

ክብርዎን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ስለ ጥበቃዎ በአሥራ አንድ አዛውንቶች ስም እያመሰገንኩ፣ በመዝገብዎ ላይ አጠራጣሪ ጥሪ ተቀባይ ተብዬ በመስፈሬም እየኮራሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ፤

ኃይለአብ አስማማው
የኬንሲንግተን አለሁ ዕድር ጸሐፊ፣ የመጨረሻው ሚስኮል ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ልወጣ ስል አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ዛሬ የማንኳኳት ተራው የእኔ ነው። እትዬ ዓለምጸሐይ ዘጠነኛ ፎቅ ናቸው፤ ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። ከታገድን ወዲህ እንደተለመደው ሚስኮላቸው የለም፤ የታገዱ በመሆናቸው ይሁን የወደቁ በመሆናቸው ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። ቁልፉን ይዤ እየወጣሁ ነው። እኔ ከስምንት ደቂቃ በኋላ አውቀዋለሁ፤ እርስዎ በአርባ የሥራ ቀን ውስጥ ይደርስዎታል።