ዘንድሮ «ደህና ነው» አይባልም

ማክሰኞ፣ ጁን 27፣ 2017

ሰዓዳ መጋረጃዎቹን አውርዳ ማጠብ ጀመረች። ኢድ ካለፈ ገና መሽቶ መንጋቱ ነው፤ መጋረጃው ለኢድ ታጥቧል። «ደግሞ ለማን ነው?» አልኳት። «ክሪስተን ሐሙስ ትመጣ የለ እንዴ!» አለችኝ፣ ሽማግሌ ሆና የምትመጣ ይመስል።

ክሪስተን የልጃችንን የፉአድን ጉዳይ የምትከታተል ኬዝ ማናጀር ናት። በዓመት አንዴ ቤት ድረስ ትመጣና ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል ትጠይቃለች። ሰዓዳ ፉአድን ለምትረዳበት ሰዓት ሜዲኬይድ የሚሉት የመንግሥት የጤና መድን የሚከፍላት በዚያ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው። የሆቴል ሥራዋን የተወችውም ለዚህ ነው። ሰዓቱ ከተቀነሰ ወደ ሆቴሉ ትመለሳለች። እኔ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነኝ። ያኔ ፉአድን የሚጠብቀው ተቋም መፈለግ ሊኖርብን ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

ፉአድ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲወለድ አየር አጥሮት አንጎሉ ተጎድቷል፤ ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። እግሮቹ አይታዘዙትም፤ እጆቹ ደስ ሲላቸው ብቻ ይታዘዙታል። ንግግሩ ስለሚጎተት ለእንግዳ ሰው አይገባም፤ እናቱ ትደግምለታለች። ጭንቅላቱ ግን ከእኔ ይበልጣል። ይህን ስለው «ከአንተ መብለጥ ምን ያስመሰግናል?» ይለኛል።

ዋሺንግተን ያሉት ባለሥልጣናት ሜዲኬይድን ሊቆርጡ ነው የሚለው ወሬ ሰነበተ። ዛሬ ደግሞ ድምፅ መስጠቱን አዘገዩት አሉ። ሰዓዳ «ከተዉትማ ተመስገን» አለች። አልተዉትም፣ አዘገዩት ነው ያሉት። ፉአድ ስልኩ ላይ የወጣውን ሁሉ ያነባል። ገንዘቡ ሊቀንስ ነው ብለው ከፈሩ ከአሁኑ የየሰዉን ሰዓት መሸራረፍ ሊጀምሩ ይችላሉ አለኝ። ነገ ይዘንባል እንደሚል ሰው ነው የነገረኝ።

ለሰዓዳ አላልኳትም። እሷ መጋረጃዋን ትጠብ።

ረቡዕ፣ ጁን 28

ይህን የምጽፈው ኤርፖርት፣ ሹፌሮች ተራ በሚጠብቁበት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ተራዬ ሩቅ ነው። ሙቀቱ አይጣል ነው።

ጌታቸው መኪናውን አጠገቤ ፓርክ አድርጎ እኔ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ። ቶርንተን ነው የሚኖረው፤ እንደኔው ሹፌር ነው። ልጁ ቤቲ ዳውን ሲንድሮም አለባት። ባለፈው ዓመት የእነሱ ኬዝ ማናጀር ስትመጣ ሚስቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቲ ጎበዝ ናት፣ ሁሉን ራሷ ታደርጋለች» ብላ አረፈችው። ቤቲ ጎበዝ መሆኗ እውነት ነው፤ ግን ምድጃ ለኩሳ ትታው ትወጣለች። ሰዓቷን ቀነሱት። ይግባኝ ብለው እስከ ዛሬ ይመላለሳሉ።

«ስማኝ ኑሪ» አለኝ። «ዘንድሮ ደህና ነው አይባልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«አልሐምዱሊላህ ማለትስ?»

«በሆድህ በላ! እኔም ተመስገንን በሆዴ ነው የምላት፣ ሴትዮዋ እስክትወጣ።»

ሳቅን። ደግሞ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብሎ ተረተብኝ። ደጃዝማችነቱ ይቅርብኝ፣ ሰዓዳ ቤት ብትቀርልኝ ይበቃኛል አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ልምምድ አደረግን። እኔ ክሪስተንን ሆንኩ።

«ራሱ ይበላል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ይበላል።»

«ሰዓዳ! ማን ነው የሚያጎርሰው?»

«እኔ ነኛ። ግን ይበላል። አምሮት ነው የሚበላው።»

«ራሱ ይለብሳል?»

«ቆንጆ ቆንጆ ልብስ አለው።»

ፉአድ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ በሳቅ ሞተ። እሷ አልሳቀችም። «ልጄን ከፊቴ አስቀምጬ ይህን አይችልም፣ ያን አይችልም እያልኩ ለባዕድ አልቆጥርም» አለች። «ሰው ሲሰማ ይቅርና ለራሴም ብዬው አላውቅም።»  እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው፤ እናቴ እንግዳ ፊት ራሷን ቢያማት እንኳ አትናገርም ነበር። የቤት ገመና ለእንግዳ አይቀርብም፣ የሚቀርበው ምግብ ነው።

በመጨረሻ ተስማማን። እኔ እናገራለሁ፤ እሷ ዝም ትላለች።

ሐሙስ፣ ጁን 29

መጥፎ ቀን። ወይም ጥሩ። እስካሁን አልለየልኝም።

ጠዋት ከሶላት ስመለስ ቤቱ ያብረቀርቃል። ፉአድ የኢድ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፀጉሩ ተበጥሮ፣ ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ዊልቸሩ የለም። «የት ሄደ?» አልኩ። በረንዳ ላይ ነው፣ አንሶላ ተከናንቦ። ልጁን ከአልጋ የምናነሳበት ማንሻ ልብስ ማስቀመጫው ክሎዜት ገብቷል። መታጠቢያ ወንበሩ ክሎዜት፤ ዳይፐሩ፣ ጓንቱ፣ ክሬሙ ክሎዜት። «እንግዳ ሲመጣ ዳይፐር ይታያል እንዴ?» አለችኝ ሰዓዳ፣ እኔ ያበድኩ መስሏት። መልሼ ላወጣው ስል በሩ ተንኳኳ።

ክሪስተን ጥሩ ልጅ ናት። ሳምቡሳ ቀረበላት። ሥራ ላይ ስትሆን መብላት እንደማይፈቀድላት በትሕትና ተናገረች። ሰዓዳ እንዳልሰማች ሆና ሌላ ሰሃን አመጣች።

ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። ፉአድ እንዴት ነው አለችኝ። ጌታቸው የመከረኝ ጆሮዬ ላይ አለ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ሂ ኢዝ ጉድ፣ ታንክ ጋድ» ነው። ልጅህ እንዴት ነው ተብዬ ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። መታጠብስ? ችግር የለም። ሌሊት መነሳት አለ ወይ? አልፎ አልፎ። ሰዓዳ ቁስል እንዳያወጣ በየሌሊቱ እየተነሳች ታገላብጠዋለች! ግን እሷ ሰሃን ይዛ ቆማ፣ እሱ በሸሚዝ አምሮበት፣ እንዴት ብዬ ልናገር? ክሪስተን መታጠቢያ ቤቱን ልይ አለች። ገብታ ወጣች። ያየችው አዲስ ፎጣ ነው። ተመልሳ መጻፍ ጀመረች። ጣቶቿ ሲፈጥኑ ሳይ ፈራሁ። በገዛ እጃችን ልጁን ከቤት ልናስወጣው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን አፌ አሁንም ተቆልፏል።

«ማሚ፣ ስቶፕ» አለ ፉአድ።

ሰዓዳ ሦስተኛ ሰሃን ልታመጣ ነበር፤ ቆመች። ፉአድ ወደ ክሪስተን ዞሮ በእንግሊዝኛ ተናገረ። አልገባትም። እንደ ሁልጊዜው ሰዓዳን አየቻት። ሰዓዳም እንደ ሁልጊዜው ደገመችለት።

«ዊልቸሬ በረንዳ ላይ ነው ይላል።»

እሱ ይናገራል፣ እሷ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ ታቀብላለች።

«መታጠቢያ ወንበሬን ክሎዜት ከተውታል ይላል። ማንኪያ መያዝ አልችልም ይላል። ሽንት ቤት ብቻዬን ሄጄ አላውቅም ይላል።»

ድምጿ በየአንዳንዱ እያነሰ ሄደ። ግን አንዱንም አልለወጠችውም። ብትለውጠው ክሪስተን አታውቅም ነበር፤ እኔም አላጋልጣትም ነበር።

«እናቴ ወገቧ አልቋል ይላል። እኔን አስተኝታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታለቅስ እሰማታለሁ ይላል።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ፉአድ አንድ ነገር ጨመረ። ያንን ሰዓዳ አልደገመችውም። ሰሃኑን ይዛ ኪችን ገባች። ክሪስተን እኔን አየችኝ፤ ደጋሚው እኔ ሆንኩ። «እኔ ወንድ ነኝ፣ አድጌያለሁ፣ እናቴ ገላዬን እንድታጥበኝ አልፈልግም። ወንድ ሠራተኛ ይምጣልኝ» ነው ያለው።

ክሪስተን መጻፏን አቁማ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ጠየቀችው፣ እኛን አይደለም። ብዙ ጠየቀችው። ዊልቸሩን ከበረንዳ፣ ሌላውን ከክሎዜት አወጣሁ።

ዓርብ፣ ጁን 30

ሰዓዳ ፉአድን እንደ ወትሮው አጠበችው፣ አለበሰችው፣ ቁርሱን አጎረሰችው። ሁሉንም ያለ አንዲት ቃል። እሱም አላወራም። ማኪያቶ ቤት አብረው የማያውቁ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጡት ሆኑ።

ለጁሙዓ ይዤው ወጣሁ። ቻምበርስ ሮድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን «እናትህን ባዕድ ፊት አዋረድካት» አልኩት።

በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። አላዋረድኳትም፤ እናንተ ስለ እኔ ስታወሩ እኔ እኮ እዚያው ተቀምጬ ነበር አለ።

«የመታጠቡን ነገር ለብቻዋ ብትነግራትስ?»

«ነግሬያት ነበር። ኢንሻአላህ አለችኝ።»

ሳልወድ ሳቄ መጣ። በእኛ ቤት እናት ኢንሻአላህ ካለች ነገሩ እንደማይሆን የማያውቅ ልጅ የለም።

«ደግሞ አባዬ» አለኝ፣ «የሚመጣው ሰው ሐበሻ እንዳይሆን።»

«ለምን?»

«ገላዬን አጥቦኝ ጁሙዓ ላይ ሰላም ሊለኝ?»

ይህም እውነት ነው።

ስንመለስ ሰዓዳ አልጋ ላይ ልብስ ታጥፋለች። ሳታየኝ «ምን አጎደልኩበት?» አለች። ምንም አላጎደልሽም፣ አድጎ ነው አልኳት። «ማደጉንማ አውቃለሁ፤ የማነሳው እኔ ነኝ» አለችና አለቀሰች። ፊቴ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ልብሱን አብሬያት አጠፍኩ፤ ያጠፍኩትን ፈታ እንደገና አጠፈችው።

ሰኞ፣ ጁላይ 3

ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ሰው ሳወርድ ክሪስተን ደወለች። ዳር ይዤ ፓርክ አደረግኩ። 

ሰዓቱ አልተቀነሰም። የጠዋቱን ማጠብና ማልበስ ረዳት ሠራተኞች የሚያቀርብ ኤጀንሲ የሚልከው ወንድ ይሠራል፤ የቀረው የሰዓዳ ነው። «ለከርሞስ?» አልኳት። አላውቅም አለች። በዋሺንግተን ጉዳይ ለማንም ቤተሰብ ቃል መግባት አልችልም አለች። መልሱ ደስ አይልም፣ ግን ከእኔ የሐሙስ መልሶች ሁሉ ይሻላል።

ለጌታቸው ደወልኩለት። «ተናገርክ በለኛ!» አለ።

«እኔ አይደለሁም። ራሱ ነው የተናገረው።»

  «ቤቲን እኮ ማንም ጠይቋት አያውቅም» አለኝ። «እኔም ጭምር።» ለይግባኙ ሲቀርቡ ይዟት ሊሄድ ነው።

ሰዓዳ ስነግራት «አልሐምዱሊላህ» አለች። ይህኛውን ጮክ ብላ ነው ያለችው። ቆይታ ደግሞ «ታዲያ ጠዋት ጠዋት እኔ ምን ልሠራ ነው?» አለች። 

ረቡዕ፣ ጁላይ 12

ኤጀንሲው የላከው ማርከስ ዛሬ ጀመረ። ግዙፍ ሰው ነው፤ በሩን ሊገባ ጎንበስ አለ። ጫማህን አውልቅ ሳይባል አወለቀ፤ ሰዓዳ በዚያች ትንሽ ነገር ትንሽ ለዘብ አለች። ከፉአድ ጋር መታጠቢያ ቤት ገቡና በሩ ተዘጋ።

ሰዓዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተነሳች። ተቀመጠች።

«ጆሮው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ፤ ሂድ ንገረው» አለችኝ።

«ፉአድ ይነግረዋል።»

«ንግግሩ አይገባውም እኮ!»

አዳመጥን። ፉአድ አንድ ነገር አለ። ማርከስ አልገባኝም፣ ድገምልኝ አለው። ፉአድ ደገመ። አሁንም አልገባውም። ሰዓዳ ብድግ ብላ በሩ ጋ ደረሰች፤ እጇን ልታንኳኳ አነሳች። ውስጥ ፉአድ ለሦስተኛ ጊዜ ሲል ማርከስ «ኦ! ጆሮህን!» ብሎ ጮኸ፤ ሁለቱም ሳቁ። ፉአድ ከእኛ ጋር እንደዚያ ሲስቅ የሰማሁት መቼ እንደሆነ እንጃ።

ሰዓዳ እጇን አወረደች። ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ በዚህኛው ጊዜ ተደግፋ። ደስ ያላትም የከፋትም ትመስላለች። እኔም እንደዚያው ነኝ። «ጆሮውን» አለች ለራሷ። ውሃው እየፈሰሰ ነው። ትንሽ ቆይቼ ላናግራት ስዞር እንቅልፍ ወስዷታል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደተቀመጠች።

ፉአድ ታጥቦ ሲወጣ አያት። ማርከስ ደህና ሁኑ ሊል ሲል «ሽሽ፣ ዶንት ዌክ ኸር» አለው። ማርከስ ይህኛው በአንዴ ገባው፤ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ።

ቴሌቪዥኑ ስለ ሜዲኬይዱ ማውራት ጀምሮ ነበር። አጠፋሁት። የሚሉትን ስትነቃ እንሰማዋለን።