ዕፅ ብዬ የሸሸሁ ዕለት

ሰኔ 2፣ ጠዋት
ዛሬም ውሃ ቀዳሁ፤ ላሚቱን አሰርሁ። ሰለቸኝ። ደብተር ሆይ፣ አንቱ የምልዎ ፊደል ስለያዙ ነው። እኔንም አንቱ ይበሉኝ፤ ከማታ ት/ቤት እንደ እኔ ያነበበ የለም። (መ/ሩ ይህን አልተናገረም። ቅናት ነው።)
ከእስር ከወጣሁ ወዲህ ፍ/ሰላም ከተማ፣ እህቴ ቤት ነኝ። ባሏ አያ ደሴ አያናግረኝም። ሥራ ካላገኘሁ ክረምቱ እዚህ አይገፋም። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ይርዳው፣ ቡሬ ከተማ ያለ አንድ ግቢ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ይፈልጋል አሉኝ። በሩ ላይ ተጽፏል፤ አንብበህ ግባ አሉ። ነገ።

ሰኔ 3፣ ከቀትር በኋላ
ተመልሻለሁ። ሸሽቼ። በሩ ላይ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ፦ የ... ዕ... ፅ። ልቤ ቀጥ! ዳኛው «ዕፅ በማዘዋወር» ብለው የፈረዱብኝ ቃል። በአጥሩ ብመለከት ለምለም ቅጠል በተርታ ቆሟል። በቀን! በአደባባይ! እኛ እንኳ በበቆሎ ጆንያ ሆድ ቀብረን ነበር የምንጭነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ተፈተለክሁ። ጋሽ ይርዳው በሽምግልናቸው እንዲህ ይሁኑ?

ማታ
ጋሽ ይርዳውን ገሠጽኋቸው። ከዘራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «አንተ፣ ጌታ የተሰቀለበትም ዕፅ ነው፤ እንጨት! ያየኸው ‹የዕፅዋት› ነው፤ ችግኝ! ሁለት ፊደል ቀርቶህ ትሮጣለህ?» እህቴም ሳቀች። አያ ደሴ አልሳቀም።

ሰኔ 4
ቡሬ ተመለስሁ። የግቢው ኃላፊ ሴትዮ ትናንት የት ነበርህ አሉኝ። ነገርኋቸው፤ እስሩንም። አልሳቁም። ቤት ንብረት ያለው ዋስ አምጣ አሉ። አገር ያወቀኝ ሰው፣ ዋስ አጣሁ! (ያወቀኝ በምን ሆነና።) ያለኝ አያ ደሴ ብቻ። ለመንሁት። ተነሥቶ ከብት ሊያስገባ ወጣ።

ሰኔ 5፣ ማታ
ደክሞኛል። ጠዋት አያ ደሴን ጋቢውን ደርቦ መናኸሪያ ቆሞ አገኘሁት። ቡሬ አብሮኝ ሄዶ ፈረመ። ስንመለስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ፦ «ላንተ ብዬ አይደለም። ሌሊት መኪና ደጃችን በቆመ ቁጥር ፖሊሶች ሊወስዱህ የመጡ እየመሰላት እህትህ ትባንናለች። ሥራ ስትይዝ እሷ እንድትተኛ ነው።»
ቀልድ ፈለግሁ። አልመጣም።
ሥራው ሰኞ ይጀምራል። ለእህቴ ገና አልነገርኋት፤ ቡሬ ቤት ልከራይ ነው። መኪና የሚቆም ከሆነ በእኔ ደጅ ይቁም።