ሽማግሌ ሲመጣ አትቁሚ

ሰኞ ጥቅምት 3፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ አውቶቡስ ውስጥ

ዛሬም አንገቴን ሰብሬ ቆሜያለሁ። ከፌደራል ዌይ ጀምሮ ወንበር የለም። አንድ ሕፃን እናቱን ይቺ ሴትዮ የእውነት ናት ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። እናትየዋ አፈረች። እኔ ላባብለው ጎንበስ አልኩ። ባሰበት፤ አለቀሰ።

ማስታወሻዬ፣ ቁመቴን የማትጠይቂኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ለማንኛውም ሁለት ሜትር ከምናምን ነው። ምናምኑን አልለካም።

ማታ፦ የምንከባከባቸው አሮጊት ሚስ ዶሮቲ ደህና ናቸው። አምፖል ስቀይርላቸው ያጨበጭባሉ፤ መሰላል አያስፈልገኝማ። መዘዙ ሁሉ የመጣው በዚህ አምፖል ነው። ባለፈው ወር ልጃቸው ኬት ስቀይር አየችኝና አፏን ከፍታ ቀረች። እዚህ ሶዶ የሚሉት ሰፈር (የእኛው ሶዶ አይደለም)፣ ድሮ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ፣ ትንሽ ቲያትር አላት። የምታዘጋጀው ትርኢት ስለ ድሮ የሰርከስ ሰዎች ነው። በጣም ረጅም፣ በጣም አጭር፣ ጺም ያላት ሴት። ከትልቁ ድንኳን ጎን ትንሽ ድንኳን ይተከልላቸውና ሰው ከፍሎ ያያቸው ነበር። ረጅሟን ሴት ሆነሽ ተጫወቺልኝ አለችኝ። በፍጹም አልኩ።

ከዚያ የድሮዋን ረጅም ሴትዮ ፎቶ አሳየችኝ። ከድንኳኑ ውጪ፣ ሳታውቅ የተነሳችው። ትከሻዋን ሰብስባ፣ አንገቷን ቀብራ። እኔ አውቶቡስ ስጠብቅ ቁርጥ እንደዚህ ነኝ። እሺ አልኩ።

እናልሽ፣ ልምምድ ከጀመርኩ ሰነበትኩ። አብረውኝ የሚኖሩት አክስቴ እትዬ ዘነበች አያውቁም። ቢያውቁ ንስሐ አባቴን ኮል ያደርጋሉ።

ሐሙስ ጥቅምት 6

ሙሉጌታ ደወለ። ቱክዊላ የሚባል ሰፈር ሱቅ አለው፤ ቅመም፣ የሐበሻ ልብስ፣ ሻንጣ። ያገናኙን እትዬ ናቸው። በርበሬ ሊገዙ ሄደው እኔን ሸጠው መጡ። መጀመሪያ ቀን በቪዲዮ ሲያስተዋውቁን ስልኩን ራሳቸው ይዘው ከአንገቴ በላይ ብቻ አሳዩት። ከዚያ ልማድ ሆነ። ይኸው ስንት ጊዜያችን፣ ፊቴን እንጂ እኔን አያውቅም። እንገናኝ ሲል ሺፍት አለብኝ እላለሁ።

ችግሩ እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ያናደደውን ደንበኛ ሁሉ ማታ ማታ እያስመሰለ ይነግረኛል። አልጋዬ ላይ በሳቅ እንከባለላለሁ። ብዙ አልንከባለልም፤ ግማሹ እግሬ ውጪ ነው።

አ.አ. እያለሁ አንድ ሰው ነበር። በስልክ ተዋደን ካፌ ተቀጣጠርን። ቀድሜ ሄጄ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ደስ ብሎት አወራን። እጄን ለመታጠብ ስነሳ ቀና ብሎ አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ መኪናዬን መጥፎ ቦታ ነው ያቆምኩት ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። ሰውየው መኪና አልነበረውም።

ዛሬ ሙሉጌታ ምን አለኝ? ሽማግሌ ልልክ ነው። የሳምንቱን እሑድ። ደስታዬ ትንሽ ቆየና የካፌው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ለእትዬ ስነግራቸው እልልታውን አቀለጡት። መሀል ላይ ቆም አሉ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ፈረዱ፦ "ሽማግሌ ሲመጣ አትቁሚ። ነገሩ እስኪያልቅ ተቀምጠሽ ነው የምትጠብቂው።"

ከጓዳ ተጠርቼ እንዳልገባ በሩ ያጋልጠኛል። ስለዚህ ቀድሜ ሳሎን እቀመጣለሁ። እሺታው ከተገኘ በኋላ ብቆምም ችግር የለም፤ ቃል የሰጠ ሽማግሌ ወደ ኋላ አይልም። ይኼ የእሳቸው ሒሳብ ነው።

ቅዳሜ ጥቅምት 8፣ ከልምምድ በኋላ

ኬት ዛሬ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማና ላባ ያለው ባርኔጣ አመጣችልኝ። ጨምሪ ትለኛለች። ምን ልጨምር?

ሬይ ሳቀብኝ። ሬይ ወገቤ ጋ የሚደርስ ሰው ነው። ቁም ነገረኛ ተዋናይ፤ ገና በመጣ ቁጥር የገና አባት ረዳት ሁን እያሉ አሰልችተውታል። እዚህ ግን የድንኳኑን ባለቤት ሆኖ ነው የሚጫወተው፤ እኔን እያዘዘ። በጣም ተመችቶታል።

የድሮዎቹን ታሪክ የሚያውቀው እሱ ነው። ረጅሞቹን ባርኔጣ ደፍተውላቸው፣ አጭር ሰው ጎናቸው አቁመው፣ ካሜራውን ከታች አድርገው ፎቶ ያነሷቸዋል። አጭሮቹን ደግሞ ትልቅ ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል። ረጅም ሰው እንደልቡ መንገድ ላይ እንዳይሄድ ይከለከል ነበር አለኝ። በነፃ ያየ ማን ከፍሎ ይገባል? ረጅሞቹ የጣታቸውን ቀለበት ለተመልካች ይሸጡ ነበር። ሳንቲም በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። በኔ ጣት ልክ የሽቦ ቀለበት ሠርተን ሞከርን፤ ሳንቲሙ በቀላሉ አለፈ። ሁላችንም ሳቅን።

እኔ ምስኪኖች አልኩ። ሬይ ተቆጣ። ምስኪን አትበያቸው አለ። ሥራቸው ነበር፤ ጎበዝ ነበሩ፤ ይጣላሉ፣ ያኮርፋሉ፣ ይጋባሉ። የከፋባቸውም ነበሩ፤ ያደላቸውም ነበሩ። እንደማንኛውም ሠራተኛ።

ስለ እትዬና ስለ ወንበሩ ነገርኩት። ሬይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። አክስትሽ ድንኳን ቢኖራቸው ሚሊየነር ነበሩ አለ።

በሕይወቴ ሂል ጫማ አድርጌ አላውቅም። ዛሬ አደረግኩ። ቀጥ ብዬ ስቆም ወገቤ ቋ አለ፤ ኬት ደነገጠች። እኔ ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ላንቺም መጻፍ አፈርኩ።

ማክሰኞ ጥቅምት 11

እዚህ ደግሞ ሌላ ልምምድ። እትዬ የሶፋውን እግሮች ነቀሏቸው። ዝቅ ብዬ እንድታይ። ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። ፌንጣ መሰልሽ አሉ። እግሮቹን መልሰው ተከሉ። አሁን የእንግዶቹ ወንበር ላይ ትራስ ደርበዋል፣ ሁለት ሁለት። እነሱ ከፍ ይበሉ ነው።

የኔ እግር ጠረጴዛው ሥር ይገባል። ጋቢ ይደረብበታል። ጫማዬ ከጠረጴዛው ባሻገር ብቅ ስላለ ምንጣፍ ይደረብበታል። ምንጣፉ ላይ ሰው ቢራመድስ አልኳቸው። አፍሽን ያዢ አሉ።

በአንድ ሳምንት ሁለት አዘጋጅ። አንዷ አስረዝሚ፣ አንዷ አሳጥሪ። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ሙሉጌታ ደወለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነሽ አለ። ኦቨርታይም አልኩት። አይዞሽ፣ ራስሽን አትግደይ አለኝ፤ በደግ ድምፁ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ራት በላሁ።

ቅዳሜ ጥቅምት 15፣ ማታ

የመጀመሪያው ትርኢት። መጋረጃው ሲከፈት ሰዉ "ኦ" አለ። ያ "ኦ" አውቶቡስ ውስጥ ቢሆን ቆዳዬ ውስጥ እደበቅ ነበር። እዚህ ግን ቆሜ ጠበቅኩት። እስኪያልቅ ጠበቅኩት። ከዚያ ተናገርኩ፣ ሳቁ። በኔ አይደለም፤ ባልኩት ነገር ነው የሳቁት። ልዩነቱን ጆሮዬ ያውቀዋል።

አለቀልኝ ግን። ጭብጨባው መሀል ከኋላ በሩ ጋ አንድ ሐበሻ ቆሟል፤ ባለ ደማቅ ሰደርያ። ጋሽ ተካ! ቀጥሎ ያለው ፓርኪንግ ነው የሚሠሩት። ብርዱ አስገብቷቸዋል። ነገ ከሚመጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። አዩኝ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና ወጡ። ምን ማለት ነው? ሰላምታ ነው? ለቅሶ ነው?

ለእትዬ አልነገርኩም። እንቅልፍ የለም።

እሑድ ጥቅምት 16

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከቅዳሴ ሰዓት በኋላ መጡ። አባባ ወልዴ፣ ትልቁ ሽማግሌ። ሐጂ ከድር፣ የሙሉጌታ የአገሩ ልጅ። ጋሽ ተካ። በወጉ መሠረት ሙሉጌታ አይገባም። ግን ሦስቱም ፍሪዌይ ላይ አይነዱም። ስለዚህ ይዟቸው የመጣው ሙሽራው ራሱ ነው፤ ታች ፓርክ አድርጎ መኪና ውስጥ ይጠብቃል።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ብድግ አሉ፣ እትዬ የጠሯቸው ጎረቤቶች ብድግ አሉ፣ "ኖር! ኖር!" ተባለ። አባባ ወልዴ "በእግዜር" እያሉ ዙሪያውን አዩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። ቁጭ ብያለሁ። በጋቢና በምንጣፍ ተሸፍኜ፣ እንደ አራስ። ማስታወሻዬ፣ እኔና እትዬ ያን ሁሉ ስናስብ ይቺን እንዴት ረሳናት? ሽማግሌ ሲገባ የማትነሳ ሙሽራ የት አገር ታይታለች?

አባባ ወልዴ ትራሱ ላይ ወጡ፤ እግራቸው ተንጠለጠለ። ቆጡን የያዘ ዶሮ መሰሉ። ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው። ልጅቷ እግሯን ያማታል እንዴ ብለው በርኅራኄ ጠየቁ። እትዬ ትንሽ አሰቡና አዎ፣ አልፎ አልፎ አሉ። ሐጂ አላህ ይማራት አሉ። አባባ ወልዴ ለእግሬ ጸሎት ጀመሩ። ረጅም ጸሎት። ሁሉም አሜን ይላል፤ እኔም እላለሁ፤ ምን ልበል? ጋሽ ተካ ብቻ ያስላሉ።

ጸሎቱ ሲያልቅ አባባ ወልዴ ስልካቸውን አወጡ። ልጁ ይህን ሳያውቅ መቀጠል ነውር ነው፣ ደውዬ ልጠይቀው አሉ። ለሙሉጌታ! እግሯ አይሠራም ሊሉት!

ተነሳሁ። ጋቢው ወደቀ፣ ጠረጴዛው ተንሸራተተ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ። ትከሻዬን አልሰበሰብኩም። ቀጥ። አባባ ወልዴ ደንግጠው ከትራሱ ወረዱና፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ "ኖር" አሉኝ። ለኔ! ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው!

"እግሬ ደህና ነው አባባ። ብዙ ስለሆነ ነው የደበቅነው።"

ሐጂ ሳቅ አመለጣቸው። እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ጋሽ ተካ በዚህ ጊዜ ትርኢቱን ማየታቸውን ተናገሩ፤ አመስግነው፣ ይቺ ልጅ ስትናገር ፈረንጁ ሁሉ አፏን ነው የሚያየው ብለው። አባባ ወልዴ አሰቡ። ቁመት የእግዜር ነው፣ ምንም አንልም። ትርኢቱን ግን ትተወው አሉ። ሰው ከፍሎ ሊያያት?

እዚህ ጋ ማን እንደተናገረ አላውቅም፤ አፌ ነው።

"አባባ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዎች በነፃ አይተውኛል። አንድም ቀን ግን የምለውን ሰምተው አያውቁም።"

መልስ ሳልጠብቅ ወረድኩ። ወግ ፈረሰ፣ አውቃለሁ። ሙሉጌታ ከመኪናው ወጣ። ራሱ ደረቴ ጋ ይደርሳል። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ይኼኛው መኪና አለው፣ መሄድ ይችላል።

ለካ ጋሽ ተካ ትናንት ማታ ደውለው ሁሉን ነግረውታል። ቁመቴንም፣ ቲያትሩንም። እና ለምን መጣህ አልኩት።

"ሽማግሌዎቹን ማን ይዟቸው ይምጣ?"

እሱ አልሳቀም፣ እኔ ነኝ የሳቅኩት። እውነቱንም ነገረኝ፦ ኦቨርታይም ብለሽ መዋሸትሽ አናዶኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ተናድጄብሽ ነበር። ሰው ከፍሎ ሊያይሽ መግባቱም ገና አልገባኝም፣ መጥቼ ልየው አለ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ብርድ ነው ግቢ ብሎ የፊቱን በር ከፈተልኝ።

ገባሁ። መኪና ስገባ ጉልበቴን አቅፌ ነው የምቀመጠው፣ ታውቂያለሽ። አሁን እግሬን ዘረጋሁ። ጉልበቴ ምንም አልነካ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቧል። ጠዋት ከቤቱ ሳይነሳ ነው የሳበው፤ በዚህ ምክንያት አባባ ወልዴ ከኋላ ተጣብቀው መንገዱን ሙሉ ሲረግሙት መጡ።

አለቀስኩ። ፓርኪንግ ውስጥ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ እንደ ሕፃን።

ቅዳሜ ጥቅምት 22፣ ከመድረክ ጀርባ

ቶሎ ልጻፍ። ያን ዕለት ሽማግሌዎቹ የእትዬን እሺታ ይዘው ሄደዋል፤ እኔም ወስኛለሁ። ሠርጉ ትርኢቱ ካለቀ በኋላ። ትርኢቱም እስኪያልቅ ይቀጥላል። ሙሉጌታ አይቶ ካልወደደው እንነጋገራለን፤ ካኮረፈም ያኩርፍ፣ ቁጭ ብዬ አልጠብቀውም። ባይወደው ግን ይከፋኛል። በጣም።

ሬይ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቆ መጣ። ሙሉጌታ ፊት ረድፍ ላይ ነው፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር። አባባ ወልዴም! እትዬም አሉ፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው። ጎናቸው ላለች ፈረንጅ በአማርኛ ስለኔ እያስረዱ ነው አለ። ራሴ አየሁ። እውነት ነው። የእህቴ ልጅ ናት እያሉ ቁመቴን በእጃቸው እያሳዩ ነው፤ እጃቸው አልበቃ ብሏቸው ወንበሩ ላይ ሊቆሙ ነው። ኧረ እትዬ! ያን ያህልስ አልረዝምም! ኬት ጠራችኝ፤ መጋረጃው ሊከፈት ነው።