ከመርሳ ከመውጣታችን በፊት

ይድረስ ለዘይነባ፣

ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን እወቂልኝ፤ ከመርሳ ልንወጣ ነው። የፊታችን እሁድ ጠዋት ዕቃችንን ጭነን ወደ ወልድያ እንሄዳለን። አንቺ እዚሁ ትቀሪያለሽ። በመጀመሪያው መስመር የጻፍኩት ዙሪያ ጥምጥም ስሄድብሽ እንደማትወጂ ስለማውቅ ነው። ምክንያቱን በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ፤ እስከ መጨረሻው ታገሺኝ።

ከተለየሽን ዛሬ ስምንት ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነ። አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ማረፊያሽን ጀነት ያድርግልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። መብራት መጥቷል፤ ሲጠፋ ግን አሁንም ሁላችንም ንግግራችንን አቁመን እናዳምጣለን። የሳሎኑ መስኮት መስታወት እንደተሰበረ ነው፤ ሰይድ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖታል። ማንጎሽ ማንም ሳያጠጣው አፈራ። የልጅ ልጃችን ኢክራም ትምህርት ቤት ተመልሳለች። የክፍላቸው ወንበር ተማግዶ ስላለቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ያመለጣቸውን ለማካካስ ክረምቱንም ይማራሉ። ደብተሯን በየቀኑ አያለሁ፤ ጽሕፈቷ ተበላሽቷል፣ ጉልበቷ ላይ ስለምትጽፍ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር የማልፍ ሰው ሆኛለሁ ብልሽ አታምኚኝም። የታናሿ የፈቲያ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስምሽን ስትጠራ ያፏጫል።

ወደ መርሳ እንግባ ያልሽው አንቺ ነበርሽ። እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ የወልድያው ቤት የኪራይ ነበር፣ አንቺ ደግሞ ተወልደሽ ያደግሽበትን መሬት ፈለግሽ። ልጃችን ሐያት ወልድያ ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ ባሏ ሰይድ የሚሠራበት የችግኝ ጣቢያ ያለው መርሳ ነው። ቤተሰቡ አንድ ላይ ይኑር፣ አንዱ ይመላለስ ተባባልን። ያን ጊዜ ሰዓቴን ይዤ ከመርሳ መናኸሪያ እስከ ሐያት መሥሪያ ቤት በር ድረስ ሄድኩና ለካሁ፤ ሃምሳ ደቂቃ። ይቻላል ብዬ ወሰንኩ። መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ሊኖር ይችላል ብዬ አላሰብኩም። ያ መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ክፍት ነው፤ ጎርፍ ቢያቆመው እንኳ ለግማሽ ቀን ነው።

ሌላም ያላሰብኩት ነገር ነበር፤ ቅሬያችን፣ የመቀባበሪያ ዕድራችን። ወልድያ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን የቀበርን፣ አብረን ያለቀስን ሰዎች ናቸውና ከእነሱ ቅሬ አንወጣም አልኩ። እዚያ ሰው ሲሞት በሚኒባስ ተሳፍረን እንደርሳለን። እዚህ መርሳ የጎረቤት ሰው ሲሞት ግን እንደ እንግዳ ከኋላ ቆሜ፣ አካፋ ሳልነካ፣ ሰዓቴን አይቼ እመለስ ነበር። ሁለት ቅሬ አይያዝም፣ ደንቡ ነው እልሽ ነበር። አንቺም አንድ ቀን ከለቅሶ ስንመለስ፣ አንተ ስትሞት ሚኒባሱ እስኪሞላ ልንጠብቅ ነው ወይ ብለሽ ስቀሽብኛል። እኔም ሳቅሁ። ደንቡን ግን አልቀየርኩም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወልድያ ስትያዝ ሐያት ተረኛ ነበረች። ስልክ ተቋረጠ፤ ብዙ ሳይቆይ መርሳም ተያዘች። ልጆቹ ከእኛ ጋር፣ እናታቸው ከመንገዱ ወዲያ ሆኑ። ሰይድ በግራና መንደር በኩል ዳገቱን ዞሮ ሊያልፍ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰ። ቤተሰቡን በአንድ ጣሪያ ሥር ለማኖር ያወጣሁት ዕቅድ ነው ሐያትን ከልጆቿ፣ አንቺን ደግሞ ከእሷ የለያየው።

የስኳር መድኃኒትሽን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ አኖርኩት። የቀረውን በቀን ከፋፈልኩት፤ ለሃያ ስድስት ቀን ይበቃ ነበር። አንቺ ከእኔ ተደብቀሽ እየቀነስሽ ሠላሳ አራት ቀን አደረስሽው። ሙሉውን ተወግታለች ብዬ ምልክት ካደረግኩባቸው ቀኖች ግማሹ ትክክል እንዳልነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ሐያት እስክትመጣ ለመቆየት ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ልወቅስሽ አይደለም፤ እንዳወቅሁ እንድታውቂ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት፣ ዓይንሽን ከከደንኩ በኋላ በመጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ለወልድያ ቅሬ እንዴት ይነገራል የሚል ነበር። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ። በሩ ላይ ቆሜ የማይመጡ ሰዎችን ስጠብቅ፣ የዚህ ሰፈር ቅሬ ዳኛ አያ ይማም ሰባት ሰው አስከትሎ ገባ። ጥሩንባ ማስነፋት የሚያስፈራ ቀን ስለነበር በየበሩ ራሱ እየዞረ ነው የጠራቸው። እኛ የእናንተ ቅሬ አይደለንም እኮ አልኩት። ሽማግሌው ቀና ብሎም አላየኝ።

«እሱን ሰላም ሲሆን ያርሙናል መምህር። አሁን አካፋ ካለዎት ይስጡን» አለኝ።

ሴቶቹ አጠቡሽ። ሱቁ ሁሉ ተዘርፎ ስለነበር ለከፈን የሚሆን ነጭ ጨርቅ ጠፋ። የታችኛዋ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ለራሷ መገነዣ ብላ ከሳጥን ያኖረችውን አዲስ አቡጀዲ ይዛ መጣች። ሴቶቹ ለመቀበል ሲያመነቱ፣ እኔ አልቸኮልኩም ብላ ዘርግታ ሰጠቻቸው። የተኩሱ ድምፅ ከውርጌሳ በኩል እየተሰማ ሰገድንብሽ። አፈሩን የመለሱልሽ አንድ ቀን እንኳ የእነሱን አፈር ያልመለስኩላቸው ሰዎች ናቸው።

ሐያት መንገዱ በተከፈተ በማግስቱ ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጣች። አስራ ሁለት ቀን ዘግይታ ነበር። ምን ብዬ እንደምነግራት ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። መስገጃሽ ተጣጥፎ መደርደሪያው ላይ መቀመጡን አየችና ምንም ሳትጠይቀኝ ከመሬቱ ቁጭ አለች።

አሁን ሥራዋ ተጀምሮ እንደገና ትመላለሳለች። መንገዱ ግን የድሮው አይደለም። ኬላ አለ፣ ውረዱ አለ፣ መታወቂያ አለ፣ የሰዓት እላፊ አለ። አንድ ቀን ኬላ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመው፣ ስልኳም ባትሪ ጨርሶ በጣም አመሸች። ፈቲያ የበሩን መቃን ይዛ አልገባም አለች፤ ብንለምናትም አልለቀቀችም። ሐያት ስትመጣ ልጅቷን አቅፋ ወደ እኔ ዞረችና፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ልጆቼን ከመንገድ ወዲያ ትቼ አልውልም» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አንቺም የቆረጥሽ ቀን እንዲህ ነበርሽ።

ያን ሳምንት ሁሉም የየራሱን አለ። የሰይድ እናት ከግራና ልካ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ቦታ ይሻላል፣ ቤት አለኝ ኑ አለች። ያ ማለት ሐያት ሥራዋን ትተው ማለት ነው። ወንድምሽ ከውርጌሳ መጥቶ፣ ወልድያ ለጦር ፊት ለፊት ናት፣ ሰው ወደ ታች ይሸሻል እንጂ ወደ ላይ ይወጣል ወይ ብሎ ተቆጣን። ባለፈው ጊዜ ውርጌሳስ ሳትያዝ ቀረች ወይ አልኩት። እንዲህ ያለችው መልስ ግን ለልጆቹ ቤት አትሆንም፤ ስለዚህ ያለፈውን ስህተቴን ላለመድገም ለሁለት ሳምንት ከሐያት ጋር አብሬ ተመላለስኩ። ሚኒባሱ ሞልቷል ተብሎ የሚሄድበትን ሰዓት፣ ኬላው ላይ የሚቆመውን፣ ዝናብ የጣለበትን ቀን ሁሉ ጻፍኩ። ረዳቱ የመንግሥት ሰው መስዬው ለኔ ሁልጊዜ የፊት ወንበር ይሰጠኝ ነበር። ከአስራ ሁለቱ የሥራ ቀናት ሐያት በሰዓቷ የደረሰችው አምስቱን ብቻ ነው። ይህን ለሁሉም አነበብኩላቸው።

ሰይድ እስኪያልቅ አዳምጦ፣ መንገዱን እኔ ልውሰደው አለ። ችግኝ ብዘገይበት አይቆጣኝም፤ ቢዘጋም እኔ እቆረጥ፣ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይሁኑ አለ። ስለዚህ ልጅ ጥሩነት አንቺ ከእኔ ቀድመሽ የተናገርሽው ልክ ነበር፤ የኔን አስተያየት አርሜዋለሁ።

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ያልወሰንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ከዘይነባ ጋር መርሳ እቀራለሁ፣ እናንተ ሂዱ አልኳቸው። ሐያት የጀመረችውን ዕቃ መሸከፍ አቆመች። እናቴንም አባቴንም ትቼ የምሄድበት አገር የለም፣ እመላለሳለሁ ብላ የጠቀለለችውን መፍታት ጀመረች። እኔ ካልተነሳሁ ማንም እንደማይነሳ፣ ፈቲያም የበሩን መቃን ይዛ እንደምታድግ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ካንቺ ቀብር በኋላ የዚህን ሰፈር ቅሬ ገብቻለሁ። ወልድያ እየኖርኩ እዚህ እንደተመዘገብኩ ልቆይ፣ ለቅሶ ሲኖር ልምጣ፣ ቀኔ ሲደርስም አንቺ አጠገብ ልሁን ብዬ ወሰንኩ። አያ ይማምን ማሽላውን ሲኮተኩት ማሳው ውስጥ አገኘሁትና ነጥብ በነጥብ አስረዳሁት። መኮትኮቻውን ተደግፎ ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀብኝ።

«እዚህ እየኖሩ የወልድያን ሰው ቀበሩ መምህር። አሁን ደግሞ እዚያ እየኖሩ የእኛን ሊቀብሩ ነው? መቼ ነው ካሉበት የሚገኙት?»

አርባ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። እሱ ግን ሳቁን ተወና ሰው ቅሬው ካደረበት ነው አለኝ። እዚያ ስደርስ በመጀመሪያ የጎረቤቶቼን ስም እንድጠይቅ መከረኝ። የኔ ቀን ሲደርስ የወልድያ ሰዎች እስከ መንገዱ ግማሽ ካመጡኝ፣ የመርሳ ሰዎች ግማሽ መንገድ ወጥተው እንደሚቀበሉኝ ቃል ሰጠኝ። ስላንቺ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀድሞኝ፣ «የእሷን ለእኛ ይተዉልን» አለና ወደ ሥራው አጎነበሰ።

የዚያኑ ቀን ወሰንኩ። አሁን አልወላውልም።

ባለፈው ማክሰኞ አዲሱን ቤት ልናይ ወልድያ ሄድን። ከድሮው ሰፈራችን ራቅ ያለ ነው፤ ለሐያት ሥራ ግን ቅርብ ነው፤ ልጆቹ ብቻቸውን ሄደው ሊጠሯት ይችላሉ። ሦስተኛው ቤት ለቅሶ ነበር። ሟቹን አላውቀውም፤ ክርስቲያን ነው፣ አናጺ ነበር አሉ። ሐያት ከባለቤቷ ጋር ክፍሎቹን ስትለካ እኔ ሰዎቹን ተከትዬ ቤተክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ሄድኩ። ጉድጓዱ ጋ አንዱን ወጣት አካፋውን ተቀበልኩት። ማነህ ያለኝ የለም። እጄ ውኃ ቋጥሯል፤ ይህን ደብዳቤ ቀስ ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው። ስንመለስ ሽማግሌዎቹን ስማቸውን ጠይቄ ያዝኩ።

የመርሳው ቤታችን ባዶ አይሆንም። ከቆቦ ተፈናቅላ የመጣች ሦስት ልጆች ያሏት ሴት ትገባበታለች። ማንጎውን እንዴት እንደምታጠጣ አሳይቻታለሁ። ዕቃሽን ሁሉ ይዘን እንሄዳለን፤ መስገጃሽን ሐያት በእጇ ትይዘዋለች እንጂ ከዕቃው ጋር አይጫንም።

በየጁምዓው ሰይድ ለሥራ ሲመጣ አብሬው እመጣለሁ። እዚህ ሰግጄ፣ አንቺ ዘንድ ቆሜ ፋቲሃ ቀርቼልሽ እመለሳለሁ። መንገዱ ከተዘጋም ባለሁበት ሆኜ ወደ መርሳ ዞሬ ዱዓ አደርግልሻለሁ። በሕይወት እስካለሁ ከአፌም ከልቤም አትጠፊም፤ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ቃሌን አጥፌ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱም የኔ አይደለም። ሐያት ዕቃውን አስራ ጨርሳለች፤ ግን በየመሀሉ እጇን ታቆምና እማዬ ታዝንብኛለች ትላለች። ስትሞት አልነበርኩም፣ አሁን ደግሞ ጥያት ልሄድ ነው ትላለች። እናትሽ ቢሆን ጎትታ መኪናው ላይ ትጭንሽ ነበር ብያታለሁ። ሰይድም ነግሯታል፣ እትዬ በላይነሽም ነግራታለች። ከእኛ አልሰማ አለች። ከአንቺ ካልሆነ የምትቀበል አይመስለኝም።

ስለዚህ ለእኔ አትምጪ፤ እኔ ከአንቺ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ወደ ሐያት በሕልሟ ግቢላትና፣ ሂጂ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ በያት። የንጋቱ ሱብሂ ሶላት ሳይደርስ ያለው እንቅልፏ ጥልቅ ነው፤ ያኔ ታገኛታለሽ። የቀሩን ሦስት ቀናት ናቸውና እባክሽ ዘይኔ፣ ቶሎ መልሺላት።

ባልሽ