ከሦስተኛው ክፍል በኋላ የመጣው

ለልጅ ልጄ፣ ለቁንዶዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ዝምተኛ ባልሽ ደህና ነው? ትንሿ ልጅሽ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ እኔ በድዷ ትከራከራለች? እኔ አለሁ። ፊደሌ ዱባ ዱባ ያከለው ዓይኔ ስለደከመ ነው፤ በጽሑፌ እንዳትስቂ። እናትሽ ደህና ናት ብለህ ጻፍ ብላ አዛኛለች፤ ስለዚህ ደህና ናት።

አንቺና ወንድምሽ ዳኛ ካደረጋችሁኝ ወዲህ በስተርጅና የጌም ተማሪ ሆኛለሁ። አባታችሁ ከእናንተ ጋር ይጫወተው የነበረውን የኮምፒውተር ጌም፣ የቁልፍ ሠሪውን ማለቴ ነው። ነገሩን እንደ ዳኛ ላስቀምጠው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች የሠራው አንድ ሰው ነው። አራተኛውና አምስተኛው የወጡት አባታችሁ ካረፈ በኋላ፣ የጌሙን ስም ከገዙ ሌሎች ሰዎች እጅ ነው። ወንድምሽ አራተኛውን ሲከፍት ጌሙ ካቆማችሁበት ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀው፤ እሱም አባታችሁ ሦስተኛው ላይ ያቆመውን፣ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠለትን ጨዋታ አስገባበት። አንቺ ይህን ስትሰሚ፣ «አባዬ ያላየው ነገር ውስጥ እንዴት ትጎትተዋለህ? ታሪኩ በሦስተኛው አልቋል» ብለሽ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሽበት። ይኸው ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም እየተገባደደ ነው፣ አሁንም አታነሺለትም።

እኔ ደግሞ ሳላይ አልፈርድም ብዬ አምስቱንም ተጫወትኋቸው። ወንድምሽ ከኮምፒውተር ጥገናው ሲመለስ አጠገቤ ተቀምጦ ጽሑፉን ያነብልኛል፤ እኔ በሩን ክፈት፣ ገመዱን አንሣ እያልሁ አዘዋለሁ። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ከርመን የወጣነው በእልህ ነው።

አራተኛው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የማይረባ ነው። የእኛ ቁልፍ ሠሪ ድመት ሲያይ የሚፈረጥጥ ፈሪ አልነበረም እንዴ? እዚያ ውስጥ ጎራዴ ታጥቆ ይፎክራል። በሦስቱ ክፍሎች እየተናገረች ስታላግጥበት የነበረችው በቅሎም አፏን ተለጉማ በር ላይ ተገትራለች። አምስተኛው ላይ እንደገና መናገር ጀመረች፤ አነጋገሯ ግን የሌላ ነው። አባታችሁ በቅሎዋን እያስመሰለ ሆዳችሁን እስኪያማችሁ ሲያስቃችሁ ትዝ አለን። ወንድምሽ ማንበቡን አቆመ። እኔም መነጽሬን የምጠርግ መሰልሁ።

ስለዚህ ለአንቺ ልፈርድ ነበር። «ሦስቱ ብቻ! የቀሩት የስም ነጋዴዎች ሥራ ናቸው» ብዬ ጮክ ብዬ ስናገር እናትሽ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ስለ ጌም ተናግራ የማታውቀው እናትሽ ቀና ሳትል፣ «አባባ፣ እሱ ከሄደ በኋላ የመጣው የማይቆጠር ከሆነ፣ እኛ እስከ ዛሬ ምን ስንሠራ ነበር?» አለችኝ። ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። እኔ ቀልድ ሳጣ እስቲ አስቢው።

እንግዲህ ፍርዴን ስሚ። አምስቱም ይቆጠራሉ። ስላማሩ አይደለም። ልጄን ከቀበርሁ ወዲህ ያለው የእኔም ኑሮ አላማረም፤ ለቁርስ ስቀርብ እንኳ የሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል። ግን ኖሬዋለሁ። ልጅሽም የተወለደችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ አያቷ አላያትም ብለን ልንሰርዛት ነው? ይግባኝ ካለሽ ሳልሞት አቅርቢ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ዳኛ ይቆጠር አይቆጠር እንጃ።

ሌላው ወሬ፣ ወንድምሽ ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝቷል፤ በወሩ መጨረሻ ይሄዳል። ኮምፒውተሩን ለእኔ ይተውልኛል። የሚያነብልኝ ግን አይኖርም። እናትሽ ሻንጣውን ትሞላለች፣ መልሳ ታወጣለች፣ እንደገና ታጥፋለች።

ባልሽን አንዲት ቃል ተንፍስ፣ አያስከፍልም ብሎሃል በዪልኝ። እናትሽ ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ ትላለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሰላም ብሎሻል። ወንድምሽንም ሰላምታህን ልጻፍልህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «በደብዳቤ አይሆንም አባባ፤ ስልኩን ስታነሣልኝ እኔው እላታለሁ» አለኝ። ስለዚህ የእሱ ሰላምታ እዚህ ውስጥ የለም።

አያትሽ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
የካቲት 9 ቀን