የአባባ ፒካፕ አዲስ ፍሬን

ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ፣ ባለህበት ሰላምህ ይብዛ። እኛ ድምፅህ ከመናፈቁ በቀር ደህና ነን።

የአባባን አሮጌ ፒካፕ የኋላ ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ ቀየርኩት። ባለፈው ወር የጎረቤት አጥር ገጭተው ሲቆሙ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አሉ። ታምቡሩን ፈትቼ ሳየው የፍሬን ሸራው ገና አልተበላም፤ ዘይቱም አልጎደለም። ለእሳቸው ግን «አርጅቷል፣ በዲስክ እንቀይረዋለን» አልኳቸው።

የምሠራበት ጋራዥ ያሉት ሁሉ «ለዚህ ሽማግሌ መኪና?» ብለው ሳቁብኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የፍሬኑ መያዣ ብረት ልክ አልሆን ብሎ ሁለቴ አስቆርጬው በሦስተኛው ገጠመ። አየሩን ከፍሬን ዘይቱ መስመር ሳስወጣ ፔዳሉን የሚረግጡልኝ አባባ ነበሩ።

«አባባ፣ ጠበቅ አድርገው ይርገጡት እንጂ!»

«ረግጫለሁ እኮ ልጄ!»

ጎንበስ ብዬ እግራቸውን አየሁ፤ ፔዳሉ ግማሽ እንኳ አልወረደም። እማዬን ጠርቼ ከእሷ ጋር ጨረስነው።

ስንሞክረው እኔ ስይዘው ቀጥ ብሎ ቆመ። እሳቸው ሲይዙት መሬት ላይ ካሰመርኩት መስመር ሁለት እርምጃ አለፈ። «እስክለምደው ነው» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው።

የእጅ ፍሬኑንም አዲስ ገመድ አስገብቼ ከሁለታችን መቀመጫ መሃል አቆምኩት። «አዲስ ፍሬን ለጥቂት ወራት ክትትል ይፈልጋል» ብያቸው በየጠዋቱ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በትምህርት ቤቱ ቁልቁለት ስንወርድ እሳቸው ወሬያቸውን ያወራሉ፤ የእኔ እጅ ግን ከእጅ ፍሬኑ ላይ አይነሳም።

አባባም እማዬም በናፍቆት ይስሙሃል። የእረፍት ፈቃድ ካገኘህ ብቅ በል፤ ቤታችን ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ቢበዛ አይከፋም።

አክባሪህ እህትህ